ለቀቀ

ከዚራ፣ ኒሙ ሥር፣ ፀሐይ ስትበርድ፣
ክርክር ይጀምራል ገራባው ሲወርድ።
«ከለቀቅናቸው ውስጥ ማን ነው የሚበልጥ?»
ይላል ሮብሌ፣ ጨው እንደሚሸጥ፣
መዳፉን ሚዛን አድርጎ፣ ዐይኑን አጥብቦ፣
ሽርጡን ከጉልበቱ በላይ ሰብስቦ።

«አቦ፣ ነጂብ ነዋ!» ይላል ጌጤነህ፣
«ኳሷን ሲያስቀምጣት እንቁላል ናት ስልህ!
በምን ለወጥነው? በአይሱዙ ጎማ!
አራት ጎማ ብቻ! ከተማው እየሰማ።»
«ጎማውም እኮ ኤረር ሳይደርስ ፈረሰ»
ሸምሱ ይስቃል፣ አረንጓዴ ጥርሱን እያበሰ።

«ቦሩን ረሳችሁት? ክንዱ የባቡር ሀዲድ፣
ወደ መረቡ ኳስ የማያስሄድ!»
«ሂድ ወዲያ!» «አንተ ሂድ!» — አንቱታ እዚህ የለም፣
ሽበትም በአንተ ቢጠራ አይቀየም።
ጌጤነህ ጡረተኛ ነው፣ ምድር ባቡር የለቀቀው፤
«ያ ሁሉ ፉርጎ ሲሄድ» ይላል፣ «ማን ነው የጠየቀው?»

የደቻቱ ኮከብ ነው የክለባችን ስም፣
ኮከብ ያወጣል እንጂ ኮከብ አያቆይም።

ከዚያ አንድ ስም ይመጣል። ሁልጊዜ ይመጣል።
ሊባን።
ሮብሌ ሚዛኑን አጥፎ ዝም ይላል።
ስምንት ቁጥር፣ ቀጭኑ፣ የገንደ ቆሬው፣
ኳስ ሲነካ ጨዋታው ቆሞ የሚያየው።
በደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ የተማረ፣
አሸዋ ላይ የሮጠ፣ ሣር ላይ በረረ።

«ለምን ለቀቁት?» ይላሉ በየዓመቱ።
«ቦርዱ በላው!» «ደላላው ነው በሌሊቱ!»
«የለም፣ አሠልጣኙ ቀንቶበት ነው!» — በየሰበብ ዓይነቱ
ሰብሳቢው ይረገማል እስከ ሰባት ቤቱ።

እኔ አጠገባቸው ባልዲዬን ደፍቼ ተቀምጫለሁ።
ሳሙና ይሉኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ማልያ አጥቤያለሁ።
ለቀቀ ሲባል እኔ ሌላ ነገር አውቃለሁ፦
ቀይ ጨርቅ በፊተኛው ውሃ ብዙ ይለቅቃል፣
ቀዩ ከጥፍሬ ሥር ሳምንት ይዘልቃል፤
ውሃውን ስደፋው፣ አሸዋው ሲጠጣ፣
ቀለሙ የት ገባ ብሎ ማንም አልመጣ።

የዚያን ሌሊት በሬን መታ። ማልያው በፌስታል።
የአራት ወር ደመወዝ። የእናቱ ሕመም። ቢሮ ሲሄድ ታገሥ ይባላል።
«እኔስ ልታገሥ» አለ፣ «ኩላሊት ይታገሣል?»
ከሌላ ከተማ የመጣ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ታጥፎ፣
ላቡ ፊርማው ቦታ ላይ ነጥብ አሳርፎ፣
«ሳሙና፣ ልሂድ?»

እኔ ማን ነኝ? ቦርድ አይደለሁ፣ ማኅተም የለኝም።
«ሂድ» አልኩት።
ሁለት ፊደል ናት፤ በምንም ሳሙና አትለቅም።

ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት፣
ሻንጣውን ጣራው ላይ እኔ ነኝ የጫንኩት።
ማልያውን ግን ተቀበልኩ፤ የክለብ ንብረት ነው፣
ቢጎድል ከደሞዜ ይቆረጣል — ደሞዝ ካለ ነው።

አሁን ሸምሱ ዞሮ በቅጠል ይወጋኛል፦
«አንተ፣ ሁሉን ታውቃለህ፤ ማን ለቀቀው?» ይለኛል።
ጉሮሮዬ ላይ መጣ፤ ሊባን ያለው፣ እኔ ያልኩት።
«ውሃው» አልኩት።
ሳቁ። ሮብሌ ትከሻዬን መታ፣
«ሳሙና መርቅኗል!» — ክርክሩ ቀጠለ እስከ ማታ።

ነገ ጨዋታ አለ። ስምንት ቁጥርን የሚለብስ አዲስ ልጅ መጥቷል፣
የሳቢያን ልጅ ነው፣ ጢም የለውም፣ ኳሷን ሲያቆማት ያስፈራል።
ማልያው ያው ነው። ቀይነቱ ወደ ሮዝ ሄዷል፣
ቁጥሩ ከጀርባ ጫፍ ጫፉን ተልጧል።

ማታ ብቻዬን፣ ደጅ ባደረ ውሃ፣
ሳላሽ፣ ሳልጨምቅ፣
ቀስ አድርጌ አጥበዋለሁ፤
ትንሽ እንዲቆይ።